ከአበርገሌ ወደ ሰቆጣ፤ ገለባ ባፈነው ራዲያተር

ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት አልፎኛል። ወልድያ ጋራዥ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች “ሰቆጣ እንዴት ነው?” ሲሉኝ “ደህና ነው” ብዬ አልፋለሁ። ማውራት ስለማይሆንልኝ ጻፍኩት። ሰቆጣና አበርገሌ ያሉበትን ዋግን አይተው ለማያውቁ ሰዎች አገሩን ላስጎበኝ አልችልም። እኔ ያየሁት መንገዱን፣ ያደርንባቸውን ቤቶችና ብዙውን ጊዜ የአንዲት ፒክአፕ ኮፈን ሥር ያለውን ነው።

የመጀመሪያው ቀን

የተነሳነው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ጭነታችን አንድ የአበርገሌ ሰው የገዙት የእህል ወፍጮ ድንጋይ፣ ሁለት ቺንጋ፣ ማለትም የወፍጮ ቀበቶ፣ እና አንድ ሣጥን ብሎን ነው። የእኔ ሥራ ወፍጮውን መትከል፣ የጋሼ ሞላ ሥራ መንዳት። ጋሼ ሞላ ስልሳ ዓመት የሞላው፣ ግማሽ ዕድሜውን መሪ ይዞ የኖረ ሰው ነው፤ ፒክአፗም የራሱ ናት። እኔ ሙያውን የተማርኩት ከስልክ ቪዲዮና ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ መጽሐፍ ስለሆነ “ኢንጂነር” እያለ ይቀልድብኛል።

የድልብን ዳገት ስንጀምር በመስኮት ማየት አቆምኩ። ገደል እፈራለሁ። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ዓይኔን የማሳርፈው የሙቀት መለኪያው መርፌ ላይ ነው፤ መሃል ላይ እስከቆመ ድረስ ትንሽ ይቀለኛል።

“ኢንጂነር፣ ስልክህ ስለዚህ ዳገት ምን ይላል?”

“ኔትወርክ የለም፣ ጋሼ።”

“በል እንግዲያው፣ እስኪመጣ ድረስ በእኔ እመን።”

ላሊበላ ላይ ሽሮ በላን። ቤተ ክርስቲያኖቹን ለማየት ሩብ ሰዓት ብጠይቀው “ድንጋዩ የትም አይሄድም፣ እኛ ግን ይመሽብናል” አለና መኪናዋን አስነሳ። ከዚያ በኋላ ያለውን አገር የማስታውሰው በአቧራው ነው። የወልድያ አቧራ ጠቆር ብሎ ልብስ ላይ ይቀራል፤ ይኼኛው ነጣ ያለና እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሰቆጣ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ባጃጆች ከመናኸሪያው ዙሪያ ይዞራሉ፤ እንደ እኛ ከተማ ግን አይጯጯሁም።

ያደርንበት አልጋ ቤት ባለቤት፣ ወፈር ያሉ ሴትዮ፣ በብርድ ስንቀጠቀጥ አይተው ሦስተኛ ብርድ ልብስ ጨመሩልኝ፤ እግሬን የምታጠብበት የሞቀ ውሃም በሳፋ አመጡ።

“የቆላ ሰው ነህ መሰለኝ” አሉኝ።

“ወልድያ ቆላ ነው እንዴ?”

“ሦስት ብርድ ልብስ የሚለብስ ሁሉ ለእኔ የቆላ ሰው ነው።”

ሁለተኛው ቀን

ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ መንገዱ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አሁንም ይወርዳል። ጠዋት ጃኬት ለብሼ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ፍየሎቹ በዙ፣ ዛፎቹ አነሱ። አንድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ የፍሬን ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ፈርቼ ስለነበር ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

“ጋሼ፣ ማርሽ ብትቀንስ።”

ማርሹን ቀነሰ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ “መሪው አንድ ነው። ሾፌሩም አንድ ነው። ተግባባን?” አለኝ።

“ተግባብተናል።”

ከዚያ በኋላ ስለ መኪናዋ አንድ ቃል ላለመናገር ለራሴ ቃል ገባሁ። ይህንን የጻፍኩት ኋላ ለሆነው ነገር ምክንያት ስለሆነ ነው።

አበርገሌ ደርሰን ወፍጮውን ተክለን የጨረስነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ባለወፍጮው የማሽላ እንጀራ በፍየል ሥጋ አቀረቡልን፤ እንጀራው ከእኛ ቤት ጤፍ ይልቅ ሻከር ይላል፣ ግን ቶሎ ያጠግባል። ቤታቸው ያለው ፍራሽ አንድ ብቻ ነበር፤ ለእኔና ለጋሼ ሞላ ደጅ ላይ አነጠፉልንና እሳቸው ቆዳ ላይ ተኙ። እምቢ ብንል “እንግዳ መሬት ላይ አስተኛ ከምባል ወፍጮው ቢቀርብኝ ይሻለኛል” አሉ። ከመተኛታችን በፊትም “ጠዋት ጫማችሁን አራግፋችሁ አድርጉ። ጊንጥ አለ” አሉን። እኔ ሌሊቱን ጫማዬን አቅፌ ተኛሁ።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። ጭነት ስለሌለን ጋሼ ሞላ ደስ ብሎታል። ጥቂት እንደሄድን መንገዱን ማሽላ ሞልቶት አገኘነው። በዚያ አካባቢ የተቆረጠውን የማሽላ ራስ መኪና መንገድ ላይ ያነጥፉና የሚያልፍ ጎማ እንዲያበራይላቸው ይጠብቃሉ። እኛ ዘንድ ቆቦ ሜዳ ላይ በሬ ወይም መውቂያ ማሽን አለ፤ እዚህ በቀን የሚያልፈው መኪና በጣት የሚቆጠር ስለሆነ የመጣውን ይለምናሉ። ከመንገዱ ዳር ሸምገል ያሉ ሰው እጃቸውን አነሱ። አቶ ወልዱ ይባላሉ።

“ሾፌር፣ አንድ ሁለት ጊዜ ተመላለስልን። በሬ የለኝም።”

“ከፈለጉ አሥር ጊዜ” አለ ጋሼ ሞላ። “ኢንጂነር፣ ውረድና ቁጠር።”

ሰዓቴን አየሁ፤ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት። ፒክአፗ ወደ ፊት ሄደች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች። ማሽላው ከጎማው ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ገለባው ተነስቶ መኪናዋን እስከማላያት ድረስ ሸፈናት። የአቶ ወልዱ ባለቤትና ጎረቤቶቻቸው በመንሽ እየገለበጡ፣ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ እያወሩ ይስቃሉ። እኔ አልገባኝም፤ ግን ደስታቸው ያስታውቃል። አሥራ አራት ጊዜ ቆጠርኩ። ሲያበቃ ሦስት ሰዓት ከአሥራ አምስት ሆኗል።

ጋሼ ሞላ የመኪናዋን ፊት በእጁ ጠራርጎ “ንጹሕ ናት” አለ። ፊቷ ንጹሕ ነበር። ነገር ግን እዚያች መኪና ላይ ከፊት ያለው የኤሲው ራዲያተር ነው፤ የሞተሩ ከኋላው ነው፤ በሁለቱ መካከል አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ማራገቢያው ከፊት የሳበው ገለባ የሚቀመጠው እዚያ ነው። አውቀው ነበር። ኮፈኑን ክፈትልኝ ልለው አሰብኩ፤ የትናንቱ ትዝ አለኝና ተውኩት። የአቶ ወልዱ ባለቤት በሰፌድ ቆሎ ይዘው መጡ። ቆሎውን ዘግኜ መቆርጠም ጀመርኩ።

ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ሁለት ሰዎች ከማሳው በኩል አንድ ወጣት ደግፈው አመጡ። የአቶ ወልዱ ልጅ ኪሮስ ነው፤ በእኔ ዕድሜ ይሆናል። የታሰረ ማሽላ ሊያነሳ እጁን ሲያስገባ እባብ ቀኝ እጁን ነድፎታል። ጣቶቹ አብጠው አንድ ሆነዋል። እናትየው ሰፌዱን ጣሉት።

ጋሼ ሞላ የመኪናዋን በር ከፈተ። “ጫኑት። ሰቆጣ ነው የምንሄደው” አለ። ኪሮስና አባቱ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። እኔ ኪሴ ውስጥ ብረት ላይ የምጽፍበት ማርከር ነበር። ለምን እንዳደረግኩት እንጃ፤ የዘይት ልክ ላይ እንደማደርገው እብጠቱ የደረሰበት ላይ፣ የእጁ አንጓ ላይ፣ መስመር አሰመርኩና “3፡30” ብዬ ጻፍኩበት።

“ምንድን ነው?” አለ ኪሮስ። አማርኛው ቀስ ያለ ነው።

“እንዳላለፈ ለማየት ነው።”

“ካለፈስ?”

ማርከሩን ከድኜ ኪሴ ከተትኩ።

ዳገቱ ሲጀምር አራት ሰዓት ከአምስት ነው። መርፌው ከመሃል ተነሳ። መጀመሪያ በመርፌ ውፍረት፣ ቀጥሎ በሁለት። እንደ ወትሮው ዓይኔ እዚያው ላይ ነው። ጋሼ ሞላ መንገዱን ብቻ ያያል፤ በሁለት እጁ መሪውን ጨብጦ ይጸልያል። ከኋላ ኪሮስ መተንፈሱ ይሰማኛል። ብናገር ልንቆም ነው፤ ብንቆም ይሞታል ብዬ ፈራሁ። ባልናገር ሞተሩ ይፈላል፤ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ከተጣመመ እዚህ ዳገት ላይ የሚያነሳን የለም። ሁለቱንም አውቃለሁ። ምላሴ ግን አልታዘዝ አለኝ። “መሪው አንድ ነው” የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። ሃያ ደቂቃ እንዲህ ሄድን። አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ መርፌው ቀዩን ነካ፤ የፈላ ውሃ ሽታም መጣ።

“ጋሼ፣ ሞተሩ ፈልቷል። ቁም።”

መለኪያውን አየ። አቆመና አጠፋው። ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ወጣ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ከዳገቱ መጀመሪያ።”

“ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለህ?”

“ትናንት…”

“ትናንት የተቆጣሁህ ስለ ማርሽ ነው” አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ጮኾብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አቶ ወልዱ ወረዱ። “ውሃ ጨምሩና እንሂድ። ምን ያስቆማል?” ጋሼ ሞላም ጨርቅ ይዞ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ተጠጋ። እጁን ያዝኩት። ከእሱ ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ እጁን ይዤው አላውቅም።

“አሁን ከከፈትከው ፊትህ ላይ ነው የሚፈነዳው። ቀዝቃዛ ውሃ ብንጨምርበት ደግሞ ሞተሩ ይሰነጠቃል። ገለባው ካልወጣ ውሃ ቢሞላም ኩርባውን ሳንጨርስ እንደገና ይፈላል። አንድ ሰዓት ስጡኝ።”

“አንድ ሰዓት?” አሉ አቶ ወልዱ። “ልጄ አንድ ሰዓት አለው?”

ጋሼ ሞላ ጨርቁን አስቀመጠና የቁልፍ ሣጥኑን ከወንበር ሥር አወጣልኝ።

ኪሮስን የድንጋይ ጥላ ሥር አስቀመጥነው። እኔ ከላይ ያሉትን ሁለት ብሎኖች ፈታሁና የኤሲውን ራዲያተር ቱቦው እስከፈቀደ ድረስ ወደ ፊት አዘነበልኩት። ክፍተቱ ውስጥ ያየሁት ገለባ ብቻ አይደለም። የቆየ ዘይት፣ አቧራ፣ የፍየል ጠጉር፣ የሞቱ ነፍሳት፣ በላያቸው ላይ የዛሬው ገለባ፤ ሁሉም ተጋግሮ እንደ ኩበት ሆኗል። ንፋስ የሚያልፍበት ቀዳዳ የለም። ወልድያ ቢሆን ኮምፕረሰር አለ፣ የውሃ ጎማ አለ፣ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። እዚህ የነበረኝ የጎማ መንፊያ የእጅ ፓምፕ ብቻ ነው።

ትልልቁን በጣቴ ለቀምኩ። የራዲያተሩ ክንፎች ከሲጋራ ወረቀት የማይወፍሩ ቆርቆሮዎች ናቸው፤ በካቻቪቴ ወይም በሽቦ ከተነኩ ይታጠፉና መንገዱን ለዘለቄታው ይዘጉታል። ብሩሽ ያስፈልገኝ ነበር። አቶ ወልዱን አየኋቸው፤ አፋቸው ውስጥ መፋቂያ አለ፤ ጫፉ ታኝኮ እንደ ቀለም ብሩሽ ለስልሷል።

“አባቴ፣ መፋቂያዎን ይስጡኝ።”

ከአፋቸው አውጥተው ሰጡኝ። ከላይ ወደ ታች፣ በክንፎቹ አቅጣጫ ብቻ፣ ቀስ እያልኩ ጠረግኩ። ጋሼ ሞላ ከሞተሩ በኩል ፓምፑን ይነፋል። ገለባው የገባው ከፊት ስለሆነ መውጣት ያለበት ወደ ፊት ነው። በየአምስት ደቂቃው ወደ ድንጋዩ ዞሬ አያለሁ። አምስት ሰዓት ላይ ሄጄ ሁለተኛ መስመር አሰመርኩ። የክንዱን ግማሽ አልፏል።

በፓምፕ የማይለቅ በዘይት የተጣበቀ ነገር ቀረ። የያዝነው ውሃ አምስት ሊትር ነው፤ ለመሙላትም አይበቃም። ያን ጊዜ ከቁልቁለቱ በኩል አንዲት ሴት አህያ እየነዱ መጡ። አህያዋ ሁለት ጀሪካን ጭናለች፣ ሴትዮዋ አንድ አዝለዋል። ውሃውን ለመቅዳት ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጥተው ገና እየተመለሱ ነበር። አቶ ወልዱ በኽምጣኛ ነገሯቸው። ኪሮስን አዩት፣ መኪናዋን አዩ፣ ከዚያም ከአህያዋ ላይ አንዱን ጀሪካን ፈትተው አወረዱ።

“ይቺ ደግሞ ስንት ትጠጣለች?” አሉኝ በአማርኛ።

“ስምንት ሊትር። የቀረው ለመታጠቢያ ነው።”

“ልትታጠብ? በሚጠጣ ውሃ?” ራሳቸውን ነቀነቁ። “ከእኔ ልጆች ትብሳለች።” ነገር ግን ክዳኑን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው።

በላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ላይ ቀዳዳ በስቼ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በቀጭኑ ረጨሁ። የሚፈሰውን ሴትዮዋ በተቆረጠ ጀሪካን ከሥር ያዙት። በሸሚዜ አጣርቼ እንደገና ረጨሁበት፤ ሁለት ጊዜ እንዲህ አደረግን። የመጨረሻውን ጥቁር ውሃ ለአህያዋ አቀረቡላት። አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

“አየህ፣ እሷም ትጠየፋለች” አሉ። ጋሼ ሞላ ሳቀ፤ ወዲያው አፈረና አቆመ።

ከፊት ሆኜ የስልኬን መብራት ከኋላ ስይዝ ብርሃኑ በክንፎቹ መካከል አለፈ። ከአሥር ስምንቱ እጅ ተከፍቷል። ሞተሩን በእጄ ነካሁት፤ ያስችላል። ክዳኑን ከፈትኩ፣ ሞተሩን አስነስተን ውሃውን ቀስ እያልኩ ሞላሁት፤ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ጋሼ ሞላ “ይበቃል፣ ይበቃል” ይላል፤ እኔ እስኪበቃ ድረስ አልዘጋሁትም። አምስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ሦስተኛ መስመር አሰመርኩ። ክርኑን አልፏል። ኪሮስ ዓይኑን አልገለጠም።

ከዚያ እስከ ሰቆጣ መርፌውን በየደቂቃው ጮክ ብዬ ተናገርኩ። “መሃል። መሃል። ትንሽ ከፍ አለ። መሃል።” ጋሼ ሞላ አንዴም ዝም በል አላለኝም። ሁለቱ ትልልቅ ዳገቶች ላይ መስኮቱን ከፍተን የመኪናዋን የውስጥ ማሞቂያ አበራን፤ የሞተሩን ሙቀት ወደ እኛ ይወስዳል። ላብ በዓይናችን ገባ። አቶ ወልዱ የልጃቸውን ጭንቅላት ደግፈው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ሆስፒታል የደረስነው ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ነው። ነርሷ ክንዱን አይታ “ይህን የጻፈው ማን ነው?” አለች። እኔ ነኝ ስላት ዘበኛ ጠርታ የምታስወጣኝ መስሎኝ ፈራሁ። እሷ ግን መስመሮቹን ወረቀት ላይ ገለበጠቻቸው። “የተነደፈው ስንት ሰዓት ላይ ነው?” ስትል አቶ ወልዱ “ልክ ከመጫናችን በፊት” አሉ። በሩ ተዘጋ።

አራተኛው ቀን

ጋሼ ሞላ ወልድያ ሌላ ጭነት ይጠብቀዋል። ጠዋት ቁልፉን ይዞ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። “የልጁን ሳንሰማ እንሂድ?” አለኝ። “አይሆንም” አልኩት። “እኔም አላሰኘኝም” አለና ሄዶ ስልክ ደወለ።

ቀኑ አልገፋ ስላለኝ መኪናዋን ላቫጆ ወሰድኳት። አጣቢው ትልቁን ጎማ አንስቶ በኃይል ሊረጭ ሲል ከለከልኩት፤ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል። በዝግታ፣ ከሞተሩ በኩል፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ራሴ አጠብኩት። ሁለት እፍኝ ገለባ አሁንም ወጣ። ያን ያህል ገለባ ይዘን ዳገቱን መውጣታችንን ሳይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የአልጋ ቤቷ ባለቤት ምሳ አለመብላቴን አውቀው ማታ ማር በዳቦ ክፍሌ ድረስ አመጡልኝ። በሰቆጣ ማር የሚመካ ሰው ብዙ ነው፤ እውነት አለው። ግን ሁለቴ ጎርሼ ተውኩት።

አምስተኛው ቀን

ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ አቶ ወልዱን አገኘናቸው። ኪሮስ ነቅቷል፤ ይተርፋል ብለዋቸዋል። አመልካች ጣቱ ግን መቆረጡ አይቀርም። ጋሼ ሞላ አቅፏቸው ለረጅም ጊዜ ቆየ፤ ከዚያ መኪናዋን ሊያዞር ሄደ። እኔና እሳቸው ብቻችንን ቀረን። ሌሊቱን ስለማመደው ያደርኩት ነገር ነበረኝ።

“አባቴ፣ መኪናዋ መሞቅ ስትጀምር አይቻለሁ። ሃያ ደቂቃ ዝም አልኩ። ወዲያው ብናገር ኖሮ ያን ያህል አትፈላም፣ ቶሎም እንደርስ ነበር። ጣቱ ምናልባት…”

አላስጨረሱኝም። ክንዴን ይዘው ከሰዎቹ ራቅ ወዳለው ግድግዳ ወሰዱኝ።

“ነርሷን ዋሽቻታለሁ” አሉ። “ልጄ ‘አንዳች ነገር ወጋኝ’ ያለኝ መኪናችሁ ማሽላው ላይ መመላለስ ስትጀምር ነው። መጥቶ እጁን አሳየኝ። እኔ መኪናዋ ሳትሄድብን ብዬ ‘እሾህ ነው፣ የቀረውን እሰርና አምጣ’ አልኩት። ሄዶ አሰረ።”

አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ሰው አወረደና ሄደ።

“አንተ ሰዓት ትይዛለህ” አሉኝ። “መኪናዋ ከጀመረችበት፣ ደግፈው እስካመጡት ድረስ ስንት ይሆናል?”

በልቤ ቆጠርኩ፤ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት። አርባ ደቂቃ።

“ያኔ ሰዓቴን አላየሁም” አልኳቸው።